በኅዳር ጽዮን ዕለት ተፈተነ ስለተባለው የዋሻ ጣሪያ

ለተከበሩ የመስኖ ዋሻው ሥራ ተቆጣጣሪ ኢንጂነር ቢተው
ሮብ ገበያ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ እግሮችዎ ደኅና እንዲሆኑልዎ እመኛለሁ፤ አባቴ አበረ በአንዱ ስለቀረ የሁለቱን ጥቅም እናውቃለን።

እኔ ቢሮዎን የምጠርገው የብርጓል ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል፣ ትምህርቴንም ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ፣ ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1ኛ. ዓለቱ ውስጥ የተተከሉትን የብረት ካስማዎች በመሣሪያ ስበው፣ ጣሪያው ላይ የተወጠረውንም የሽቦ መረብ ለብቻው ፈትነው ሁለቱም አልፈዋል ስላሉን አመሰግናለሁ። አባቴ ዋሻ ከመግባቱ በፊት ለሠርግና ለተዝካር ድንኳን ይተክል ስለነበር፣ ካስማውም ሸራውም ለየብቻ ቢጠነክሩ ማሰሪያው ካልያዘ ድንኳን እንደማይቆም ነግሮዎት ነበር። መሐንዲስ ስላልሆነ አልሰሙትም። ጥር ላይ ድንጋዩ መረቡን ከካስማዎቹ አላቅቆ እሱና ጓደኛው ጌቱ ላይ ወረደ። ጌቱን ቀበርነው። ካስማዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተነቃነቁም፤ እንኳን ደስ አለዎት።

2ኛ. መረቡን የፈታው አባቴ ነው ብለው ሪፖርት ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ የጌቱ እናት እማማ ወለተ ኪዳን ሰላምታ ነሥተውታል። ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

3ኛ. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። ካስማውና መረቡ በአንድነት ተፈትነው አልፈዋል የሚለውን፣ እርስዎ የፈረሙበትን ወረቀት ጠረጴዛዎን ስወለውል አየሁት። ቀኑ ኅዳር 21 ይላል። በኅዳር ጽዮን እንኳን ዓለት የሚበሳ፣ አፈር የሚጭር ሰው በአገራችን የለም። ዋሻው ተቆልፎ ዘበኛው ሳይቀር ቤተ ክርስቲያን ነበር። እርስዎም ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ማኅበር ላይ ነበሩ፤ ጠላውን የቀዳሁልዎ እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ አስሞልተዋል። ቀና ብለው ስላላዩኝ አልቀየምም። ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥረው ሲሞሉ በዓል መሆኑን ዘንግተውት ይሆናል፤ እኛ ግን አንዘነጋም።

ከፊርማዎ ላይ ስምዎን ማንም እንዳይፍቅብዎ በየዕለቱ የምትጸልይ፣ እጅ ነሺዎ፣
የብርጓል አበረ

ማሳሰቢያ፦ ወረቀቱን አልሰረቅሁም፤ ፎቶውን አደጋውን ለሚያጣሩት መርማሪዎች ሰጥቼ ዋናውን በቦታው መልሻለሁ። ሰኞ እነሱ ሲመጡ እርስዎ ማብራሪያዎን መረቡ ገና ካልወደቀበት ጣሪያ ሥር ቆመው እንዲሰጡ ጠይቄያቸው ተስማምተዋል። ረጋ ብለው ያስረዱ፤ ማንም አያጣድፍዎትም።