የጥር 6 ገጽ

ጥር 6/1979፣ ጠዋት
ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሆኜ ካርድ እየጻፍኩ ነው። ሰልፉ እስከ በሩ። ማስታወሻዬ፣ አሁን አንዲት ሴት መለስኩ። ወ/ሮ ይታይሽ፣ የሞጣ ሰው፣ እዚህ ቢቸና እህቷ ዘንድ የመጣች። ሲስተር አልማዝ ሆዷን ዳብሳ ማህፀኗ አጠገብ እብጠት አገኘች። አዲስ አበባ ሄዳ በአልትራሳውንድ ትታይ አለች። የመላኪያውን ወረቀት የምሞላው እኔ። በነጻ ለመታከም ከገበሬ ማህበሯ የድህነት ማስረጃ ያስፈልጋል። አልያዘችም። ወረቀቱ ላይ “ድንገተኛ” ብዬ ብሞላላት ግን ያለማስረጃ ታልፋለች። ኃላፊያችንን ጠየቅሁ። በእግሯ የመጣች ሴት ምን ድንገተኛ ናት፣ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው አሉኝ። ፈራሁ። ሂጂና ማስረጃ አምጪ አልኳት።
“ወንድምዬ፣ ሞጣ ደርሼ እስክመለስ ሆዴ ይታገሠኛል?”
ቀጣዩን ተራ ጠራሁ።

ጥር 9
አልመጣችም። ሲስተር አታናግረኝም። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በመስኮት አያለሁ።

ጥር 11፣ 9 ሰዓት
መጣች። በቃሬዛ። ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቋል፣ ላቧ ቀዝቃዛ። ባሏ ከዘመቻ ከድቷል ብሎ የገበሬ ማህበሯ ሊቀመንበር ማስረጃውን ከለከላት፤ የነገረችኝ እህቷ ናት። ማንንም ሳልጠይቅ “ድንገተኛ” ብዬ ሞላሁ። ከአምስት ቀን በፊት ውሸት ይሆንብኛል ብዬ የፈራሁት ቃል፣ ዛሬ እውነት ሆነ። አዲስ አበባ የሚታሰብ አይደለም። በደጀን በኩል ደብረ ማርቆስ፣ ለቀዶ ሕክምና። ሲስተር አብራት መኪና ውስጥ ገባች።

ጥር 13
ሲስተር ተመለሰች። ተርፋለች! ማስታወሻዬ፣ ካርድ ክፍሉ ውስጥ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ቀሪውን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። እብጠቱ ተጠማዝዞ ፈንድቶ ነበር። ማህፀኗ ወጥቷል። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ልጅ የላትም።

ጥር 14፣ ከሥራ መውጫ
ኃላፊው ጠሩኝ። በሩን ዘጉ። ተቆጣጣሪው ነገ ይገባል። ከመዝገቡ የጥር 6ን ገጽ ቅደድ፣ በአዲስ ገልብጥ፣ ሴትዮዋ መጀመሪያ የመጣችው ጥር 11 ይሁን አሉ። ድምፃቸው እንኳ ለስላሳ ነበር። ላንተም ይበጅሃል አሉኝ። እርግጥ ነው፣ ይበጀኛል። “ማስረጃ እንድታመጣ ተመልሳለች” የሚለው በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። እሳቸው ያሉኝ መዝገቡ ላይ የትም አልተጻፈም።

መዝገቡ ፊቴ ተዘርግቷል። ሦስት ጊዜ ያዝኩት ገጹን። አልቀድም። ነገ ማን መለሳት ካሉኝ፣ እኔ እላለሁ። ማን አዞህ ካሉኝ ደግሞ፣ ኃላፊው ያሉኝን እናገራለሁ።