ዘይቱን ያፈጠነው ማን ነው

ለውድ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፣

እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ይዘኸው ነው የምትነሳው? የመርከባችሁ ሞተር ክፍል ሙቀቱ በረደላችሁ? ምግቡስ ይስማማሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። እማዬ ጉልበቷ ተሽሏት ደረጃውን ብቻዋን ትወርዳለች፤ ለመውጣት ግን ጎረቤቱን ሁሉ ትጠራለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ቁጭ ብለህ አንብብ። ልጅህን ከተፈጥሮ ሳይንስ አውጥተው ወደ ንግድ ክፍል እንዲያዛውሯት ፈርመህ የላክኸውን ወረቀት ለትምህርት ቤቱ አላስገባሁትም። ተቆጣ፣ መብትህ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ሳታነብ አትቆጣ። ፊዚክስ ወድቃ ስትመጣ ያልከው ሁሉ እውነት ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ስታይ ራቷን ትታ ተኛች። አንጀቴን በላችው። በማግስቱ የፊዚክስ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ልጆቹ አቶ ድገሙት ይሉታል፤ ያዩትን ሁሉ ድገሙት እያለ ስለሚያስመርራቸው ነው። ለወላጆች የሚታይ አንድ ሙከራ ይቀራታል፣ ከሃያው ከአሥራ አምስት በላይ ካመጣች እዚሁ ትቀራለች፣ ካላመጣች ወረቀቱን ይዘሽ ነዪ አለኝ።

የመረጠችው ፈሳሾች ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ በስንት ጊዜ እንደሚፈሱ መለካት ነው። ስሰማ ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ በሱቄ ዘይት ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ ስገለብጥ ለኖርኩት ለእኔ፣ ይሄም ትምህርት ሆነ? ሁለት ጠርሙስ አፍ ለአፍ ገጥማ፣ ክዳኖቹን በማስቲሽ አጣብቃ መሐላቸውን በሳች። ውሃ ሞልታ ብትገለብጠው ጠብ አልል አለ! ባለቤቴ ውሃውም ፊዚክስ ወድቋል ብሎ ሲስቅ ገላመጥኩት። እሷ ስታስብ ቆየችና አየር የሚወጣበት ሌላ ቀዳዳ ጨመረች፤ ያን ጊዜ ይንዠቀዠቅ ጀመር።

ውሃው ሦስቴም ሃያ ሰከንድ ገደማ ፈጀ። ዘይቱ በመጀመሪያው ቀን ዘጠና አራት፣ በማግስቱ ዘጠና ስድስት፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ሃምሳ አንድ! ልጅቷ አመድ መሰለች። የሰጠኋት ዘይት አልቆባታል፣ ጊዜውም እየጠበበባት ነው። ሃምሳ አንዱን ሰርዢና ዘጠና አምስት ብለሽ ጻፊ፣ ማን ያይሻል ብዬ መከርኳት። አንተም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትላት፣ አትካደኝ። እሷ ግን ያየሁት ሃምሳ አንድ ነው ብላ ክችች አለች።

ለካስ ጥፋቱ የእኔ ነው! ታውቀው የለ፣ ብርድ ሲሆን ዘይቱ ይወፍርና ደንበኛ ይሰለፍብኛል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆመዋለሁ። ያን ዕለት ልማድ ሆኖብኝ የእሷንም ጠርሙስ አብሬ ነክሬው ኖሯል። ትዝ ያለኝ በማግስቱ ያንኑ ሥራ ስሠራ ነው፤ እጄ ጀሪካኑ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። አልዋሽህም፣ መናገሩን ፈርቼ ቀኑን ሙሉ ዋጥኩት። ስነግራት ትጮህብኛለች ስል ዘላ አቀፈችኝ። አክስቴ፣ ውሃው ስንት ዲግሪ ነበር ትለኛለች! እኔ ዲግሪ ምን አውቃለሁ፣ ጣቴን ነክሬ ነው የማውቀው። አዲስ ዘይት ከሱቅ አወጣሁላት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ዘይት በዘይት ሆነ፤ ቀዝቃዛውን፣ ለብ ያለውን፣ ሞቅ ያለውን በቴርሞሜትር እየለካች ገለበጠችው። ባለቤቴ ወለሉ አንሸራቶት በመቀመጫው ዘጭ አለ፤ ከሰንበር በቀር ምንም አልሆነም፣ ፊዚክስን ግን ረግሟል።

ትናንት ወላጆች በተሰበሰቡበት አቶ ድገሙት ሠንጠረዡን አየና ጣቱን ሃምሳ አንዱ ላይ አኖረ። ይሄ ምንድን ነው አላት። የአክስቴ ጥፋት ነው፣ ያቻትና ብላ ጠቆመችኝ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ይባስ ብላ ተነሺና አስረጃቸው አለችኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት ሴትዮ፣ ዘይት ሲሞቅ እንዴት እንደሚቀጥን፣ በጣቴ እንዴት እንደምለየው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርኩ። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማኝና ድገሚው አለኝ። ደገምኩት። ለልጅህ ከሃያ አሥራ ስምንት ሰጣት። ሁለቱን የቀነሰው ጽሕፈቷ ስለማይነበብ ነው፤ እሱን ከአንተ ወርሳ ነው። ስንወጣ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ልጅ ቢሆን ይህን ቁጥር ሰርዞት ይመጣ ነበር አለኝ። እኔ መካሪዋ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ግን በወረቀት አይገባልህም።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች፤ ሹራብ ልበስ ብላለች። ባለቤቴ ከነሰንበሩ እጅ ይነሳሃል። የሞተር ክፍል ጓደኞችህን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ልጅህን ለአባትሽ ሰላምታ ላኪ ብላት የላከችው ጥያቄ ነው፦ አባዬ፣ ወፍራሙን ነዳጅ ሞተሩ ውስጥ ሳታስገቡት በፊት ታሞቁታላችሁ ወይ? እስከ ስንት ዲግሪ? መልሱን በቁጥር ነው የምትፈልገው፤ ግምት አልቀበልም ብላለች።

የዝውውሩን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሃለሁ። የፈረምከው አንተ ስለሆንክ ልቀደው አልደፈርኩም። አንተው ቅደደው።

ታላቅ እህትህ
ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል፣ እሑድ ጥር ፲፱ ቀን