መርዶ ከዘብ አፍ እንዳይሰማ

ጥር 18 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለከተማው ጸጥታ ጥበቃ ኃላፊ
አዋሳ

ጉዳዩ፦ የታሰረው ባለቤቴ የልጃችንን መርዶ በቤቱ፣ በወገኑ መካከል እንዲሰማ ስለማመልከት

እኔ አመልካች ወ/ሮ ደብሪቱ ደምሴ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ የምኖር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሸጬ የማድር ነኝ። ባለቤቴ አቶ ገብረየስ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ማለዳ እየነፋ ሰፈሩን የሚጠራው እሱ ነው።

1. በዚህ የጦርነት ወራት ሁከት እንዳይነሳ ተብሎ ሰው መሰብሰብና የአደባባይ ልቅሶ መከልከሉን በድምፅ ማጉያ ሰምተናል። ወራሪ አገር ይዞ ተቀምጦ መንግሥት ቢጠነቀቅ አልፈርድም። ባለቤቴም ሰምቷል፤ ግን ክልከላው ስብሰባን እንጂ ሞትን የሚመለከት አልመሰለውም። ጎረቤታችን እማማ ሽታዬ ኅዳር ላይ ሲያርፉ እንደ ልማዱ ነፋ። ሰዉም መቃብር ሊቆፍር ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ። ይኸው ነው እንግዲህ "ሕዝብ አስታጥቆ ለሁከት ጠራ" የተባለው። ኧረ ተው! አሮጊት ሊቀብር የወጣ ሰው ምን ሁከት ያነሳል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ታስሯል፤ ፍርድ ቤትም አልቀረበም።

2. ጡሩምባው ወንጀል ከሆነ፣ ለሚሊሺያው ሽኝት ሰው ሲፈለግ ማን ነፋው? ቀበሌው ራሱ ቤታችን ድረስ መጥቶ ባለቤቴን ለምኖ ነው ያስነፋው። በዚያ ሰልፍ ከዘመቱት አንዱ የበኩር ልጃችን በላይነህ ነበር። አባቱ ነፍቶ ሸኘው። ያን ጊዜ ማንም ሁከት ነው አላለም።

3. በላይነህ በምሥራቅ ግንባር ወድቋል። አብሮት የዘመተው አሰፋ ቆስሎ ሲመለስ ለዕድሩ ሽማግሌዎች ነገራቸው፤ እነሱም ባለፈው ሳምንት ማለዳ መጥተው አረዱኝ። ክልከላውን ፈርተው "ደብሪቱ፣ አፍሽን ይዘሽ አልቅሺ" አሉኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ጌታዬ፣ ጓድ ልበልዎ እንጂ፣ ለአገሩ የሞተ ልጅ እናቱ እንደ ሌባ ተደብቃ ታለቅስለታለች? ማመልከቻ ጸሐፊው "ይህ ለመንግሥት አይጻፍም" ብሎኝ ነበር። ጻፍ አልኩት፤ ጻፈ።

4. ባለቤቴ ይህን ሁሉ አያውቅም። መርዶ ደግሞ ለብቻው ለቆመ ሰው በአጥር ሥር አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ኖሮ ነው። ስለዚህ ምሳውን ሳደርስ ጥቁሬን አውልቄ የዓመት በዓል ቀሚሴን እለብሳለሁ። መንገድ ላይ ያየኝ ሰው ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ እሳቀቃለሁ። ከዘቦቹም ወሬውን የሰሙ አሉ። አንዱ ሲጋራውን እያጨሰ "ልጅህ ሞቶ የለም እንዴ?" ያለው ዕለት ባለቤቴ ያብዳል።

ስለዚህ በዋስ እንዲለቀቅልኝ እለምናለሁ፤ ዕድርተኛው በሙሉ ዋስ ይሆናል። ይህ አይሆንም ከተባለ ሽማግሌዎቹ ጣቢያ ገብተው በወጉ ያርዱት፣ አብረውትም ይቀመጡ። ድንኳን አትትከሉ ካላችሁም እሺ፣ አንተክልም። እስኪወሰን ግን ይህን ማመልከቻ ያነበበ ሁሉ አፉን እንዲሰበስብ ትእዛዝ ይስጡልኝ።

ነገም ምሳ ይዤ እመጣለሁ። ባየኝ ቁጥር "ከልጁ ወሬ አለ?" ይለኛል፤ እኔም "ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሃል" እለዋለሁ። ትናንት ግን "እሱ የሚተኛባት ክፍል ጣሪያዋ ያፈስ ነበር፤ ሳይመጣ አሠሪያት" አለኝ። እሺ አልኩት። ነገ "አሠራሽ ወይ?" ሲለኝ ምን ልበለው?

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ደብሪቱ ደምሴ
(የጣት አሻራ)