ጥቁሩ ዐለት ሲጮኽ

ኦገስት 2
ለኤኖክ፣ በምዕራብ ግሪንላንድ ዳርቻ ለምትገኘው ለዚህች የአዳኞች መንደር የቤተ ክርስቲያን መምህር። የምጽፍልህ እኔው ራስህ ነኝ። ምክንያቱም፦ ሌላውን ሲመክር የሚኖር ሰው ራሱን መምከር ይረሳል። እዚህ ላይ መዋሸት አይፈቀድልህም።

ዛሬ ባሕር ማንበብ መማር ጀመርሁ። ከሁለቱ ገደሎች ወዲያ የሚኖሩት አራት ቤተሰቦች ከፋሲካ ወዲህ ስብከት አልሰሙም። የሚያደርሰኝ ሰው እየለመንሁ እስከ መቼ? በአርባ ሁለት ዓመቴ የራሴ ካያክ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የቆዳ ጀልባ፣ ተሠራልኝ። ሴቶቹ ቆዳውን ሲሰፉ ይሳሳቃሉ። "መምህር፣ ወገብዎ ይገባ ይሆን?"

ኦገስት 5
አስተማሪዬ ማናሴ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው አዳኝ፤ መዝሙር ሲያዜም ቃሉን የሚያምታታ። አዳኞቹ ጠዋት ጠዋት ባሕሩን ለማየት ኮረብታው ላይ ይወጣሉ። ወጣሁ። ተቀምጠው አድማሱን ያያሉ።
"ምን ታያለህ?" አለኝ ማናሴ።
"ሰላማዊ ባሕር።"
"ሰላማዊ መሆኑን ማን ነገረህ? ያየኸውን ብቻ ተናገር።"
የኮረብታው ሕግ ይህ ነው፦ ማንም ማንንም "ሂድ" አይልም፤ "አትሂድ"ም አይልም። ያየውን ይናገራል፤ ወደ ባሕሩ መውረዱን እያንዳንዱ ለራሱ ይቈርጣል። ከኃላፊነት መሸሽ መሰለኝ። መንገድ የማያሳይ እረኛ ምን እረኛ ነው?

ኦገስት 19
ነፋስና የውኃው ፍሰት ሲጋጩ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከበረዶው ሜዳ በላይ የተደፋ ሳህን የመሰለ ደመና ከታየ፣ ካያክ የሚገለብጠው ሞቃት ነፋስ ይወርዳል። ነፋስ ሳይኖር በወደቡ አፍ ያለው ጥቁር ዐለት ከጮኸ ደግሞ፣ ከሩቅ የተነሣ ማዕበል እየመጣ ነው። "ዓይንህ ይታለላል፤ ጆሮህን እመን" አለ ማናሴ።
እስከ መጀመሪያው ገደል ብቻዬን ቀዝፌ ተመለስሁ። ኩራት ኃጢአት ነው። ቢሆንም ኮራሁ።

ሴፕቴምበር 4
ስለ ስንፍና ሰበክሁ። ያሰብሁት ዮናታንን ነው፤ የማናሴን አማች፣ የሲልፓን ባል። የዛሬ ሁለት ዓመት መስተዋት በመሰለ ባሕር ላይ ሳለ ሰማይና ውኃ ተምታቱበት፤ በፍርሃት እጁ ደርቆ መቅዘፍ አቃተው። ሁለት ሰዎች በካያካቸው መካከል ደግፈው አመጡት። ከዚያ ወዲህ ብዙውን ቀን ከየብስ አይነቃነቅም። ልጆቹ ሌሎች ያደኑትን ይበላሉ።
ስሙን አልጠራሁም። ሰው ሁሉ ግን ዞሮ አየው።

ሴፕቴምበር 9
የረጋ ጠዋት። ባሕሩ ጸጥ እርጭ ያለ። ኮረብታው ላይ ሰባት ነበርን።
"ያ ከበረዶው በላይ ያለው ደመና አላማረኝም" አለ ዮናታን።
"አንተን ደግሞ ምን አምሮህ ያውቃል?" አለ አንዱ። ሳቁ።
ዐለቱ... አንድ ጊዜ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። ሰማሁ? ሰምቻለሁ። ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም።
ተነሥቼ ቆምሁ። "ባሕሩ መልካም ነው። ዮናታን፣ ውረድ። ፍርሃትህ የእምነት ጉድለት ነው።"
ሳቁ ቀጥ አለ። ማናሴ አየኝ። ዮናታን ጓንቱን አጠለቀ፤ ወረደ።
ሌላ አንድም ሰው አልተከተለውም። ይህን ያስተዋልሁት ዮናታን ከወደቡ ከወጣ በኋላ ነው።

በዚያው ቀን
ነፋሱ ከቀትር በፊት ወረደ። ሞቃት ነው። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አልተመለሰም።

ሴፕቴምበር 11
ካያኩን አገኙት፤ ተገልብጦ። እሱን አላገኙትም።

ሴፕቴምበር 14
በሙታን መዝገብ "የሞት ምክንያት" በሚለው ሥር "ባሕር" ብዬ ጻፍሁ። ሐሰት አይደለም። እውነትስ ነው?
ማናሴን ጠየቅሁት። "ለምን አልከለከልኸውም?"
"እዚያ ላይ ማንም አይከለክልም።" ቢላዋውን መሳል አላቋረጠም። "ማንም 'ውረድ' አይልም ነበር ደግሞ።"

ሴፕቴምበር 15
መዝገቡን ከፈትሁ። ከ"ባሕር" ቀጥሎ "በመምህሩ ቃል" ብዬ ጨመርሁ። መዝገቡን የሚመረምሩት ቄስ ሲመጡ ያነቡታል። ያንብቡት።

ሴፕቴምበር 21
ኮረብታው ላይ ከዳር ተቀመጥሁ። ተራዬ ሲደርስ "በዐለቱ ላይ ነጭ አረፋ፤ ወፎቹ ወደ የብስ" አልሁ። ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ማናሴ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። አንዳንዶቹ ወረዱ፤ አንዳንዶቹ ቀሩ።

ከዚያ ወደ ሲልፓ ቤት ሄድሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ተቀመጥ ሳልባል ቆምሁ። ሌላ አዳኝ ያመጣውን ቆዳ ዘርግታ ትፍቃለች። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የቀረልኝ ይህ ብቻ ነው፦ "ሲልፓ፣ በደሉ የእኔ ነው። ባሕሩን በሚገባ ሳላነብ ተናገርሁ፤ ባለቤትሽም አምኖኝ ወረደ።"

መፋቂያዋን አስቀመጠች።

"ባሕሩንማ እሱ አንብቦት ነበር፣ መምህር። የወረደው ከባሕሩ ይልቅ የእርስዎን ፊት ፈርቶ ነው።"