በገና የሚሰድበኝ አጣሁ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ጾሙን ብቻዬን ፈታሁ። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ የገና ዱላዬን ይዤ ወደ ሜዳው ወረድሁ። ሁለት አህዮች ሣር ይግጣሉ እንጂ ሰው የለም። ወጣቱ ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ ሊያይ ቴሌቪዥን ቤት ታጭቋል።

እኔም ዱላዬን እንደያዝሁ ገባሁ። ሁሉም ብድግ አለ። የጓደኛዬ የታደሰ ልጅ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከታደሰ ጋር በየገናው ሩር እየመታን አርባ ዓመት ተሰዳድበናል። ባለፈው ሰኔ ቀበርነው።

ልጁን አባቱ እኔን በሚሰድብበት ስድብ ነካ አደረግሁት፤

«ከወገብህ በላይ ጎተራ መስለሃል፣
ከወገብህ በታች ዶሮ አበድሮሃል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ መልሱን እጠብቃለሁ።

«እውነትዎን ነው አባባ» አለና ለስላሳ አዘዘልኝ።

«ለስላሳውን ተወውና ስደበኝ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም?»

«ኧረ አባባ፣ አንቱን ሰድቤ የት ልገባ?»

ወዲያው ጎል ገባና ሁሉም ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። ዓመቱን ሙሉ ሲያከብሩኝ ደስ ይለኛል፤ አንድ ቀን እንኳ የሚሰድብ ሲጠፋ ግን ክብሩም ይበርዳል።

ስወጣ ዱላውን ለልጁ ሰጠሁት። «ለከርሞ ጓደኞችህን ሜዳ አውርድበት» አልሁት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

አባቱ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የእኔን ቅልጥም ነበር የሚሞክርበት።