ከጀርባ የተነበበው መጽሐፍ

ጎጆ፣ ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የግራ ጉልበትሽ ቁርጥማት መለስ አለልሽ ወይስ አሁንም ክረምት በመጣ ቁጥር ያስነክስሻል? ላሚቱስ ወለደች? አዴ ወርቅቱና ልጃቸው ዱሬቲ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከጎጆ ብርድ በቀር የሚጣላኝ የለም። ገብስና ድንች እየበላሁ ጉንጬ ሞልቷልና ዘንድሮ ስታዪኝ «ከሳሽ» የምትይበት ምክንያት ታጪያለሽ። እሑድ እሑድ ለጸሎት አሁን የት እንደምትሰበሰቡ አልጠይቅሽም፤ ወረቀት ብዙ እጅ ያልፋል። የሚሰማችሁ እሱ ግን ቦታውን አያጣውም።

እማዬ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ደብዳቤሽ! ይህን ቃል ስጽፍ እንኳ ሳቄ ይመጣል። እስከ ዛሬ በዱሬቲ እጅ የምትልኪልኝ ሁሉ «ለክቡር ጤንነትሽ» እያለ የሚጀምር የክፍል ድርሰት ነበር። ይኸኛው ግን አራት መስመር ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ልጄ ደህና ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አልረዳኝም።» እርሳሱን እንዴት ብትጫኚው ነው፣ ወረቀቱን ገልብጬ በጣቴ ስዳስሰው ፊደሎቹ ይታወቁኛል። መምህራን ክፍል ወስጄ ላንዱም ሳላስቀር አሳየኋቸው። የሒሳብ መምህራችን ተሻለ፣ ነገር ካልፈለገ እንቅልፍ የማይወስደው፣ «‹ረ›ዋ አንገቷ ተሰብሯል» አለኝ። «አንተ በሃምሳ ሁለት ዓመትህ ፊደል ጀምርና ያንተን አንገት እናያለን» አልኩት። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀትሽንም ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅለሽዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ደግ አደረግሽ፤ የገባ ሁሉ ይየው!

እንግዲህ አሁን ያለ አስተርጓሚ ላናግርሽ እችላለሁ። በዱሬቲ አፍ ሊነገርሽ የማይገባ ነገር ነበረኝና አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይዤው ኖርኩ። ፊደሉን አተልቄ፣ መስመሩን አራርቄ የጻፍኩት ብቻሽን እንድታነቢው ነው። ሲደክምሽ አረፍ እያልሽ ቀጥዪ፤ የትም አይሄድም።

ያንን ባለ ሥዕል የፈረንጅ መጽሐፍ መቼም አልረሳሽውም። አንድ ማዕዘኑን አይጥ የበላው፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከሣጥንሽ ሥር የምታኖሪው። በቤታችን አንድም ፊደል የሚያውቅ አልነበረም፤ መጽሐፍ ግን ነበረን፤ በዚያ እንዴት እኮራ ነበር! ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ስትገባ እኔንና የጎረቤት ልጆችን ቁርበት ላይ ታስቀምጪንና ጨርቁን ትፈቺዋለሽ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ቆማ እጇን አንስታለች። አንቺም እጅሽን ታነሺና «ኮቱ! ኮቱ! ና ልጄ፣ ና!» ትያለሽ፤ እኛም ተቀብለን «ኮቱ!» እንጮሃለን። ቀጥሎ ባዶ መንገድ፣ በመንገዱ ጫፍ ላይ ዝንብ የምታህል ነጥብ። ገጹን በገለጥሽ ቁጥር ነጥቧ እያደገች እግር ታወጣለች፤ ልጅ ትሆናለች። ልጁ ከመርከብ ይወርዳል፣ ድልድይ ይሻገራል፣ አንቺ «የፈረንጅ ዶሮ» የምትያት ነጭ ዝይ እየተከተለችው ጫካውን ያልፋል። በመጨረሻው ሥዕል ከእናቱ ጋር ገበታ ቀርቦ ይበላል። «በላ፣ ጠገበ፣ እናቱም በሩን ዘጋች» ትይና ብድግ ብለሽ የኛን በር በእውነት ትዘጊዋለሽ። ቤቱ በቀን ሲጨልም እኛ እንንጫጫለን። በቀን በር ለምን እንደምትዘጊ ጠይቄሽ አላውቅም።

ከዚያ ሁለተኛ ክፍል ገባሁና ቁጥር አወቅሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ የኔ እውቀት ለቁርስም አይበቃም ነበር። የዚያን እሑድ ሴቶቹ ቤታችን ለጸሎት ተሰብስበው ነበር። አዴ ወርቅቱ «እስቲ ለልጆቹ መጽሐፉን አንብቢላቸው» አሉሽ። አንቺም ጀመርሽ። እኔ መሐል ገብቼ መጽሐፉን ነጠቅሁሽ። ይኸው ገጽ አሥራ ስድስት፣ ይኸው አሥራ አምስት፣ አንድ ቁጥር ያለው በዚያኛው ጫፍ ነው፣ እናቴ የምታነበው ከጀርባው ነው፣ ልጁ አልመጣም፣ እየሄደ ነው፣ ሴትዮዋም አልጠራችውም፣ እየተሰናበተችው ነው እያልኩ ለሴቶቹ ሁሉ አሳየኋቸው። ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሳቁ ግን። አንቺ መጽሐፉን ከጉልበቴ ላይ አስተካክለሽ አስቀመጥሽልኝና «የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ አንብቢልን» አልሽኝ።

አነበብኩ፤ ምላሴ በተቆረጠ። ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት፣ ልጁ ከገበታው ተነስቶ፣ ሄዶ ሄዶ ነጥብ ሆኖ እስኪጠፋ። ዞር ስል አንቺ ጓሮ ወጥተሻል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርቁን ፈትተሽ አታውቂም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስንት ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅሽ አሰብኩ፤ ግን ደግሞ «ምን አጠፋሁ፣ ትክክሉን ነው የተናገርኩት» የምትል ግትር ልጅ ውስጤ ተቀምጣ ነበር። እሷን ያሸነፍኳት ዘንድሮ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ጥር ላይ የአውራጃው ትምህርት ቢሮ፣ እንዳንቺ ማንበብ ለቻሉ አዲስ አንባቢዎች ሥዕል ያላቸው ትንንሽ መጻሕፍት አዘጋጁ አለን። የምስክር ወረቀት ይዘው የሚያነቡት አጥተው ፊደሉ እየጠፋባቸው ነው። እኔ ያንቺን መጽሐፍ በቃሌ ሣልኩት። መርከቧን የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አደረግኳት፣ ዝይዋን በግ፣ ሴትዮዋን ነጠላ አለበስኳት፤ ፊቷን ያንቺን ሰጠኋት። ቅደም ተከተሉን እንዳንቺ አደረግሁት፤ እጄ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው።

ተቆጣጣሪው አቶ አሻግሬ በቀይ ብዕር አቅልመው መለሱልኝ። ታሪኩ ተገልብጧል፣ ልጁ ከቤት ወጥቶ ወደ ሥራና ወደ ግዳጅ መሄድ አለበት እንጂ ወደ እናቱ ጓዳ ቢመለስ ለአንባቢ ምን ትምህርት ይሰጣል ይላሉ። አስተካክዪው፣ በመላው አውራጃ ይሰራጫል፣ ሦስት ዓመት የለመንሽው የአምቦ ዝውውርም ይታሰብልሻል አሉኝ። አልዋሽሽም፣ እማዬ፤ ተቀምጬ ማስተካከል ጀመርኩ። ካንቺ ጋር ልኖር ነበራ! ደግሞስ ትክክሉ እሳቸው እንዳሉት እንደሆነ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አውቅ የለ? ከገበታው ሥዕል ጀምሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቁጥር ጻፍኩበት።

በዚያው ሳምንት ልጆቹን የኩፍኝ ክትባት ሊከትቡ ኦቦ ኩምሳ መጡ። እኔ ሕፃን ሳለሁ አምቦ ሚሲዮን ክሊኒክ የሕክምና ረዳት፣ ድሬሰር የነበሩት፤ አሁን እዚህ ጎጆ ጤና ጣቢያ ናቸው፣ ጸጉራቸው ጥጥ ሆኗል። ሥዕሎቹ መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ነበር። የመጨረሻውን አነሱና «ይህችን ሴትዮ አውቃታለሁ» አሉ። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንቺ ያኔ ጀርባዋ ላይ ነበርሽ» አሉኝ።

መጽሐፉ የክሊኒኩ የልጆች ክፍል ንብረት እንደነበረ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ስሙን እንጂ መልኩን የማላውቀው ወንድሜ ሞሲሳ፣ ኩፍኝ ይዞት በተኛባቸው ዘጠኝ ቀናት መጽሐፉን ከአልጋው ላይ አላስነሳም ብሎ ነበር አሉ። እሳቸው የፈረንጆቹን ቋንቋ ትንሽ ይሰሙ ስለነበር በየቀኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኦሮምኛ ያነቡለት ነበር። አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ። «እኔ ቸኩዬ አንድ ገጽ ስዘል የምታርመኝ እሷ ነበረች» አሉኝ። ከክሊኒኩ ያለ እሱ ስትወጪ የልጁን ሸሚዝ ሰጡሽ፤ አንቺ ደግሞ መጽሐፉን ለመንሻቸው።

እኔ ደንግጬ «እናቴ እኮ የምታነበው ከጀርባው ነበር» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እንዲያ ነው?» አሉ። ተነስተው ተሰልፈው ወደሚጠብቋቸው ልጆች ሄዱ።

ቁጥር የጻፍኩባቸውን ወረቀቶች ቀደድኳቸው። እንደገና ሣልኩ፣ ያንቺን ቅደም ተከተል እንደያዘ ላክሁት፤ ከላዩም «እናቴ ያነበበችልኝ እንዲህ ነው፤ ሌላ የለኝም» ብዬ ጻፍኩበት። አቶ አሻግሬ ተቆጥተው በራሳቸው እግር ጎጆ ድረስ መጡ። ሐሙስ ነበር፣ የመሠረተ ትምህርቱ ሴቶች የንባብ ክፍለ ጊዜ። ረቂቁ በንባብ ይፈተሻል አሉና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ረቂቁን እየተቀባበሉ ጮክ ብለው አነበቡ፤ ፊደል እየቆጠሩ፣ እየተሳሳቁ። የመጨረሻው ገጽ ለደብሪቱ ደረሳት። አንድ ልጇ ሰሜን ከዘመተ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ወሬው ከጠፋ ሰነበተ። «በ-ላ፣ ጠ-ገ-በ፣ እ-ና-ቱ-ም በ-ሩ-ን ዘ-ጋ-ች» አለች። የሚስቅ ጠፋ። ከዚያ ደብሪቱ በኦሮምኛ፣ እንደገና እናንብበው፣ ልጁ ገና ትንሽ ከሆነበት ጀምረን አለች። ሦስት ጊዜ ተነበበ። በሦስተኛው ሁሉም ሴቶች እጃቸውን አንስተው «ኮቱ!» ሲሉ፣ እማዬ፣ እኔ አላስተማርኳቸውም ነበር!

አቶ አሻግሬ እስኪያልቅ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ነበር። ሲወጡ «ይባዛ» አሉ። ቀጥለውም ገጾቹ ለምን ቁጥር እንደሌላቸው ጠየቁኝ። ለአንባቢው ትቼለት ነው አልኳቸው።

ሦስት መቶ ቅጂ ተባዝቷል። የመጀመሪያው ያንቺ ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ድንች በጫነ መኪና ይደርስሻል። ሽፋኑ ላይ ስምሽን ታያለሽ። ከላይ፣ በትልቁ የተጻፈው ነው፤ ሥር ያለው ትንሹ የኔ ነው። የአውራጃው ቅጽ የደራሲዋን የትምህርት ደረጃ ጻፉ ይላል። «አንባቢ» ብዬ ሞላሁት። የዝውውሩን ነገር ከዚያ ወዲህ ያነሳው የለም፤ እኔም አላነሳሁትም። ጎጆ ይበርዳል እንጂ ሰዉ ሞቅ ያለ ነው።

ኦቦ ኩምሳ የነገሩኝን አንቺን አልጠይቅሽም። ያ አረንጓዴ ጨርቅ ግን ሁለት እጅጌ እንደነበረው አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ይቅር በይኝ፣ እናቴ። ባንቺ ያልኮራሁበት ቀን ኖሮ ያውቃል፤ እሱም ያ እሑድ ነው። ሌላ አይኖርም። መጽሐፍሽ ቁጥር የለውም፤ ከወደድሽው ጫፍ ጀምሪ።

እግዚአብሔር ዓይንሽን ያብራልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ የደጅሽን ሰላም ያብዛልሽ። አዴ ወርቅቱን በጣም ሳሚልኝ። ሰኔ ሠላሳ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በማግስቱ ከሰዓት አምቦ እደርሳለሁ። ደጃፍሽ ላይ ቁሚና፣ በመንገዱ ጫፍ ትንሽ ነጥብ ሆኜ ስታዪኝ እጅሽን አንሺልኝ። ስገባ በሩን እኔ እዘጋዋለሁ።

ጀርባሽ ላይ የነበረችው ልጅሽ