ከአይዞሽ በፊት

ልጄ ሊዱዬ፣

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሆነ። እጄ ለመጻፍ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ይህችን እስክጽፍ ሻዬ ቀዝቅዟል።

ፒያሳ ተለውጧል። ከጀርባችን የነበሩት ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ ፀሐይ አሁን እስከ አልጋሽ ድረስ ትገባለች። ቦምቦሊኖ የምትገዢበት ኬክ ቤት ግን አለ። ሰማያዊው ሳፋሽም በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው። ጭንቀቱ ሲብስብሽ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልተሽ ፊትሽን ስትነክሪበት፣ አባትሽ «ሶደሬ ቀዝቅዞ ፒያሳ መጣ» እያለ ያስቅሽ ነበር።

ሐኪምሽ የሕመምሽን ስም፣ ቦርደርላይን የሚሉትን የስሜት መናወጥ፣ ስትነግረን ሁላችንም ደክሞን ነበር። ጠዋት «እማዬ፣ ካላንቺ ማን አለኝ» ብለሽ ታቅፊኛለሽ። ከሰዓት ስልክ ቶሎ ካላነሳሁ ደግሞ «ጠልተሽኛል» ብለሽ በር ዘግተሽ ራስሽን ትጎጃለሽ። ጎረቤት ጠባይ ነው ይል ነበር።

ከዚያ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው ክሊኒክ በየሳምንቱ ከሐኪምሽ ጋር፣ እንዳንቺ ከታመሙ ልጆችም ጋር በቡድን መማር ጀመርሽ። ስሜት እንደ ጎርፍ ሲመጣ ይዞሽ ሳይሄድ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያስተምር ሕክምና ነበር። ለእኔም የቤት ሥራ አመጣሽልኝ። «እማዬ፣ ሳለቅስ ቶሎ አይዞሽ አትበይኝ። መጀመሪያ ከብዶሻል በይኝ» አልሽኝ። ልጇ ስታለቅስ አይዞሽ የማትል ምን ዓይነት እናት ናት ብዬ ተከፋሁ። አፌም አልታዘዝ ብሎኝ «አይዞ... ከብዶሻል» ስል፣ እያለቀስሽ ትስቂብኝ ነበር። ግን ያንን ስትሰሚ ትከሻሽ ረገብ ሲል በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ በኋላ የኖርሻቸው ዓመታት ለእኔ ስጦታ ናቸው። በገዛ እጅሽ እንዳላጣሽ ስፈራ ኖሬያለሁ። የወሰደሽ ግን የሳንባ ሕመም ነው፤ አንቺ እስከ መጨረሻው መኖር ትፈልጊ ነበር። ለዚህ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፣ ሐኪምሽንም። ከሰው ሁሉ በላይ አንቺን፤ የለፋሽው አንቺ ነሽና።

አሁን ስለ አባትሽ ልንገርሽ። ከለቅሶው ወዲህ ወርቅ ቤቱን አልከፈተም ነበር። ከወንበሩ አይነሳም፣ ምግብም እየተወ መጣ። ወንድሞቹ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ፣ በርታ እንጂ» ሲሉት ይብስ ፊቱን ያዞራል። እሱንም እንዳላጣው ፈራሁ። ባለፈው ቅዳሜ እኔም ያንኑ ልለው አፌን ስከፍት ትዝ አልሽኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ከብዶሃል። አንድ ልጅህ ናት፣ እንዴት አይከብድህ» አልኩት። ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

ሊዱዬ፣ በቀብርሽ ቀን እንባ ያልወጣው ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲበቃው ተነስቶ ሳፋሽን ሞላና ፊቱን ነከረ። ውኃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ ቀና ብሎ «ሶደሬ እውነትም ቀዝቅዟል» አለኝ። ሰኞ ሱቁን ከፈተ።

ሳፋሽ ከበሩ ሥር አይነሳም። አጠገቤ ሰው ሲያለቅስ፣ ማንም ይሁን፣ መጀመሪያ አንቺ ያስተማርሽኝን እላለሁ፤ አይዞሽ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ያንን ባልኩ ቁጥር አንቺን አስታውሳለሁ።

ዛሬ ለራሴም ልበለው። ከብዶኛል፣ ልጄ። ደግሞም አመሰግንሻለሁ።

እናትሽ